የጣዖቱን ዓይን የሚፈለቅቁት ሌቦች

በድንጋይ አዳራሽ ውስጥ አጋንንት የመሰለ ግዙፍ ጣዖት ተቀምጧል። ሁለት ሰዎች ጭንቅላቱ ድረስ ወጥተው ከዓይኑ ጉድጓድ የእንቁ ድንጋዩን ለመፈልቀቅ ይታገላሉ። ከታች እንሽላሊት የሚመስሉ ፍጡራን ሬሳ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አንዱን እየጎተቱ ከመንገድ የሚያስወግዱ አሉ። አንድ ተዋጊ የሰይፉን ስለት ይጠርጋል። ሌሎቹ ካርታ ይዘው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ይመክራሉ። ወደ እኛ ዞሮ ደረቱን ነፍቶ የቆመ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ሥራ ላይ ነው።

ይህ ሥዕል በ1978 የወጣው የ«አድቫንስድ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተጫዋቾች መመሪያ ሽፋን ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሣለው ዴቪድ ትራምፒየር ይባላል። ስለ ሰይፍና ስለ አውሬ በሚያወራ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ውጊያ የለም፤ ውጊያው እኛ ከመድረሳችን በፊት አልቋል። የቀረው ዘረፋው፣ ጽዳቱና ምክክሩ ነው። መጽሐፉን ገና ያልገለጠ ልጅ ከዚህ ሽፋን ብቻ ብዙ ይማራል። እዚህ ዓለም ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። ሀብት የሚገኘው አደገኛ ቦታ ነው። ካርታ የያዘ ሰው ሰይፍ ከያዘው እኩል ዋጋ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዞ ይቀራል፤ ያ ዓይን ከቦታው ሲነቀል ምን ይከሰታል? መጽሐፉ መልስ አይሰጥም። መልሱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ማግኘት አለባቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ጨዋታ መሪ ነው፤ ዋሻውን፣ ከተማውን፣ የሚያጋጥመውን ሰውና አውሬ በቃሉ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ አስማተኛ ወይም ካህን። «በሩን ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ» ይላል አንዱ። ይከፈት አይከፈት ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። የመጫወቻ ሰሌዳ የግድ አያስፈልግም፤ በመጨረሻም አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ጨዋታው ንግግር ነው። አምስት ሰው «ዋሻ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አምስት ዓይነት ዋሻ ያስባል፤ አምስቱ በአንድ ዓይን የሚያዩት ነገር ቢኖር መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ነው።

ደንቡ ራሱ በአብዛኛው ቁጥር ነው። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ፍጡር በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከ1 እስከ 7 የሕይወት ነጥብ ይኖረዋል፤ የመከላከያ ደረጃው 6 ነው። ቁጥሩ ጎብሊኑ የሚያስፈራ ይሁን የሚያሳዝን፣ ሊያናግሩት የሚቻል ይሁን ወይም እንዳዩት መግደል የሚገባ አይናገርም። ይህን የሚወስነው የሠዓሊው እጅ ነው። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲያዩን ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣሉ እንደነበረው ማለት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ለማን እንደሚያዝን አይጠፋውም። በእነዚህ የጨዋታ መጻሕፍትም ሥዕል ጌጥ ሆኖ አያውቅም። ካልተጻፉት ደንቦች ሁሉ የሚበልጠው ደንብ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ግን በችግር ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት የመጀመሪያው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሦስት ትንንሽ ቡናማ ቡክሌቶችን የያዘ ሣጥን ነበር። አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር. ዊስኮንሲን ውስጥ በምትገኘው ሌክ ጄኒቫ የተቋቋመ ትንሽ ድርጅት ነው። የታተመው 1000 ቅጂ ሲሆን ሣጥኖቹ በእጅ ነበር የሚሰናዱት፤ ዋጋው 10 ዶላር። ለሥዕል የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ የሣሉት ወዳጅ ዘመዶችና ገና ጀማሪ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ሥዕሎች ከማርቭል ኮሚክ ገጾች የተገለበጡ መሆናቸው በኋላ ታውቋል። ጣቱ ከእጁ ጋር የማይመጣጠን፣ ፈረሱ ውሻ የሚያህል ሥዕል ሞልቷል። ሆኖም ያ ጉድለት አንድ ነገር አደረገ፤ «ይህን እኔም መሥራት እችላለሁ» አስባለ። ተጫዋቾች የራሳቸውን ዋሻ በደብተር ወረቀት ላይ መሣል፣ የራሳቸውን አውሬ መፍጠር የያዙት እንደነዚህ ያሉ ገጾችን እያዩ ነው።

ርካሽ ኅትመት የሥዕሉንም ዓይነት ወስኗል። ጥቁር መስመር በነጭ ወረቀት ላይ በአነስተኛ ወጪ ጥርት ብሎ ይታተማል፤ እርሳስና ውኃ ቀለም ግን ያን ጊዜ ውድ ሥራ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ የ1970ዎቹ ሠዓሊዎች ጥላን የሚያመጡት ቀጫጭን መስመሮችን በመደርደርና በማጠላለፍ ነው። ትራምፒየር በዚህ የተካነ ነበር። በ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ የሣላቸው ፍጡራን ከእንጨት ቅርጽ የታተሙ ይመስላሉ፤ ጥቁሩ ድፍን ነው፣ ነጩም ባዶ ነው። ጨለማው ገጹን ሲሞላው ችቦ የያዘው ሰው ያለው ብርሃን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይሰማሃል። ጨዋታውም ያው ነበር፤ ችቦ የሚነድበት ጊዜ ይቆጠራል፣ ካለቀ ዓይን አይሠራም።

አንዳንዴ ቅርጹ ከቃሉ ቀድሞ ይገኛል። ጋይጋክስ ለጨዋታው የሚሆኑ አሻንጉሊቶች ሲፈልግ ከርካሽ ሱቅ የገዛቸው፣ ሆንግ ኮንግ የተሠሩ የፕላስቲክ አውሬዎች ነበሩ። የምን እንስሳ እንደሆኑ አይታወቅም። ከመካከላቸው አንዱ ብረት የሚያዝግ አውሬ ተባለ፣ አንዱ ጉጉት-ድብ ሆነ፣ ሌላው ከመሬት ሥር የሚዋኝ ቡሌት። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚያውቋቸው እነዚህ ፍጡራን መጀመሪያ ቅርጽ ነበራቸው፤ ስምና ቁጥር የተሰጣቸው ከዚያ ወዲያ ነው።

የሠዓሊ ውሳኔ ስንት ዘመን ተሻግሮ እንደሚሄድ የሚያሳየኝ ደግሞ ኦርክ የሚባለው ጭራቅ ፊት ነው። በ1977ቱ መጽሐፍ ዴቪድ ሳዘርላንድ ኦርክን አሳማ አፍንጫ አድርጎ ሣለው። አሜሪካ ውስጥ ይህ መልክ ቆይቶ ተለወጠ፤ ኦርክ አረንጓዴና ጡንቸኛ እየሆነ ሄደ። በጃፓን የቪዲዮ ጌሞችና አኒሜ ውስጥ ግን ኦርክ እስከ ዛሬ አሳማ ነው፤ ብዙዎች መነሻውን ከዚያ ሥዕል ጋር ያገናኙታል። ኮቦልድ የሚባለው ትንሽ ፍጡርም እንዲሁ ነው። በድሮው መጽሐፍ ውሻ ፊትና ቅርፊት የለበሰ ገላ ተሰጥቶት ነበር፤ በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ሠዓሊዎቹ ወደ እንሽላሊትነት ወሰዱት። ጽሑፉም ተከትሎ ኮቦልዶችን የዘንዶ ዘመድ ነን ባዮች አደረጋቸው። እነዚያ ፈሪ የዋሻ ሌቦች በአንድ የመልክ ለውጥ የሚኮሩበት የዘር ሐረግ አገኙ።

ሳዘርላንድ በ1978ቱ የተጫዋቾች መመሪያ ውስጥ «ፓላዲን በሲኦል» የሚል አንድ ሙሉ ገጽ ሥዕል አለው። አንድ ጋሻ ጃግሬ የሌለው ባላባት፣ ሙሉ ጥሩር ለብሶ፣ በሰይጣናት ተከብቦ ይዋጋል። ማን ነው? እዚያ እንዴት ወረደ? ጽሑፉ ስለ እሱ አንድ ቃል አይልም። ባላባቱ እንደማይተርፍ ግልጽ ነው፤ የሰይፉ አነሣሥ ግን ይህን እሱም እንደሚያውቅና ግድ እንደሌለው ይናገራል። በዚያ መጽሐፍ የፓላዲን፣ ማለትም ለጽድቅ የሚዋጋ ባላባት፣ ደንብ ስለ ቅንነትና ስለ ምጽዋት ብዙ አንቀጽ አለው፤ ፓላዲን መሆን የሚያስመኘው ግን ያ ገጽ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ሞንቲ ኩክ በዚሁ ስም ሙሉ የጀብዱ መጽሐፍ ጻፈ። ለአንዲት ማብራሪያ ላልተሰጣት ሥዕል የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው።

ትራምፒየር ራሱ በ1988 ድንገት ከሙያው ወጣ። «ድራገን» በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ የሚያወጣው «ዎርሚ» የተሰኘ የካርቱን ታሪክ መሃል መንገድ ላይ ተቋረጠ፤ ሞቷል ያሉም ነበሩ። በ2002 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ በኢሊኖይ ካርቦንዴል ስለሚኖር ታክሲ ነጂ ባወጣው ዘገባ ላይ ስሙና ፎቶው ታየ። ወደ ሥዕሉ እንዲመለስ የጠየቁትን አልተቀበለም። በ2014 ሲያርፍ 59 ዓመቱ ነበር። ስንት ሰው በእሱ ዋሻ ውስጥ እንዳደገ ሳስብ ያሳዝነኛል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገንዘቡ መጣ፣ ሥዕሉም ተለወጠ። ቲ.ኤስ.አር. የዘይት ቀለም ሠዓሊዎችን በደመወዝ ቀጠረ፤ ላሪ ኤልሞር፣ ጄፍ ኢዝሊ፣ ክላይድ ኮልድዌል፣ ኪት ፓርኪንሰን። ኤልሞር የኬንታኪ ሰው ነው፤ ቀደም ሲል ፎርት ኖክስ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሥዕል ይሠራ ነበር። በ1983 የሣለው፣ «ቀይ ሣጥን» የሚባለው የጀማሪዎች እትም ሽፋን ምናልባት ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ነው፤ ጀርባውን የሰጠን ተዋጊ፣ ከፊቱ አፉን የከፈተ ቀይ ዘንዶ። እዚህ ካርታ የሚያነብ የለም። ሬሳ የሚጎትት የለም። ተዋጊው ጀርባውን ስለሰጠን እሱ የቆመበት ቦታ የእኛ ይሆናል፤ ዘንዶው የሚያየው እኛን ነው። ትራምፒየር «ተደራጅታችሁ ግቡ» ያለውን ኤልሞር «ጀግናው አንተ ነህ» ብሎ ለወጠው።

የዚያ ሣጥን የተጫዋች ቡክሌት በአጭር ትምህርታዊ ታሪክ ይጀምራል። አንባቢው ብቻውን ዋሻ ይገባል፣ አሊና የምትባል ካህን ያገኛል። ቁስሉን ታድንለታለች፣ የዓለሙን ሥርዓት ታስረዳዋለች፣ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ባርግል የተባለ አስማተኛ በአንድ ድግምት ይገድላታል። ታሪኩ ጥቂት ገጽ ነው፤ ዓላማው ዳይስ አወራወር ማስተማር ነበር። ግን አሊና ተሥላለች። ጥሩር የለበሰች፣ ቀና ፊት ያላት፣ ጎረቤት የምትኖር ትልቅ እህት የምትመስል ወጣት። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ተጫዋቾች ስለዚህች ሴት ሞት ሲያወሩ ባርግልን አሁንም ይቅር አላሉትም። ሥዕሉ ባይኖር አሊና የደንብ ማብራሪያ ምሳሌ ሆና ትቀር ነበር።

እንዲህ ያማሩ ጀግኖች ደንቡንም አስገደዱት። በ1984 የተጀመረው «ድራገንላንስ» የተባለ የጀብዱ ተከታታይ በኤልሞር ብሩሽ ፊታቸው የታወቀ፣ ስም ያላቸው ጀግኖች ይዞ መጣ። በድሮው ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ከሞተ ዳይስ ተወርውሮ ሌላ ይፈጠራል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሽፋን ላይ ያለ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ ሊሞት አይችልም። ስለዚህ የድራገንላንስ ጀብዱዎች ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ሲሞቱ አሟሟታቸው ግልጽ እንዳይሆን፣ ሬሳቸው እንዳይገኝ፣ በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ ጨዋታ መሪውን ይመክራሉ። ይህን ለውጥ ሙሉ በሙሉ አልወድም። የሞት ፍርሃት ከጠረጴዛው ሲርቅ አብሮት የሚሄድ ጥንቃቄ አለ። ያም ሆኖ ብዙ ሕፃናትን ወደ ጨዋታው ያመጣው የኤልሞር ጠራ ያለ ሰማይ እንጂ የትራምፒየር ጨለማ እንዳልሆነ መካድ አይቻልም።

እንግሊዞቹ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1982 ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን «የፋየርቶፕ ተራራ አስማተኛ»ን አሳተሙ፤ አንባቢው ቁጥር እየተከተለ ብቻውን የሚጫወተው፣ 400 አንቀጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። የውስጡን ሥዕል የሠራው ረስ ኒኮልሰን ነበር። የእሱ ኦርኮች ጥርሳቸው የተበላሸ፣ ልብሳቸው የተጣጣፈ፣ ቆዳቸው ኪንታሮት የሞላበት ነው፤ እያንዳንዷ ጥፍር በብዕር ተለይታ ተሠርታለች። ሲያዩት ይሸታል። በ1986 የወጣው «ዋርሃመር» የሚና ጨዋታም በጆን ብላንሽና በኢያን ሚለር መንፈስ ውስጥ ያደገ ነው፤ የጭቃ፣ የበሽታና የእብደት ዓለም። እዚያ ተጫዋቹ ባላባት ሆኖ አይጀምርም። ዳይሱ አይጥ አዳኝ ሊያደርገው ይችላል፣ ከንብረቶቹም አንዱ ትንሽ ግን ክፉ ውሻ ነው። አሜሪካዊው ሥዕል ጀግናን ከፍ ሲያደርግ እንግሊዛዊው ጫማው ሥር ያለውን ጭቃ አሳየ፤ በሁለቱ ጠረጴዛዎች ላይ የሚሰማው ሳቅም የተለያየ ነው።

ሥዕል ዓለም ሲፈጥር ለማየት የፈለገ «ዳርክ ሰን»ን ይመልከት። ጄራልድ ብሮም በ1991 የወጣውን ይህን ዓለም ሲሥል ንድፍ አውጪዎቹ ጽፈው ያዘዙትን ብቻ አልሣለም። እሱ ራሱ እንደሚናገረው ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ይቀድማል፣ ጸሐፊዎቹም ያዩትን ሰውና ነገር ወደ ታሪኩ ያስገባሉ። ፀሐይ ያከሰለችው በረሃ፣ አጥንትና ቆዳ የታጠቁ ባሪያ ተዋጊዎች፣ የአመድና የዝገት ቀለም። በዚህ ዓለም ብረት ብርቅ ነው፤ ሰይፍ ከአጥንት ወይም ከባልጩት ይሠራል፣ በውጊያ መሃልም ይሰበራል። አስማት ሲሠራ በዙሪያው ያለ ተክል ሊሞት ይችላል። የብሮምን ሥዕል አንዴ ያየ ተጫዋች ውኃ ለምን እንደሚቆጠር ማብራሪያ አያሻውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቶኒ ዲተርሊዚ «ፕሌንስኬፕ» የተባለውን ሌላ የጨዋታ ዓለም ሣለ። በቀጭን ብዕርና በፈዘዘ ውኃ ቀለም የተሠሩ ሥዕሎች ናቸው፤ የድሮ ተረት መጻሕፍትን፣ በተለይ አርተር ራክሃምን ያስታውሳሉ። ሰይጣኖቹ እንኳ የደከማቸው፣ ወሬ የሚወዱ፣ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ፊት ያለውን ፍጡር ሰው ወዲያው አይመታውም፤ መጀመሪያ ያናግረዋል። ፕሌንስኬፕ የእምነትና የሐሳብ ክርክር ጨዋታ በመባል የታወቀው በጽሑፉ ብቻ አይደለም። በዚያው ሠዓሊ እጅ የተሣለው «ስፓይደርዊክ» የልጆች ተከታታይ መጽሐፍ በ2003 ሲወጣ እነዚያን ፊቶች ያወቅን ሰዎች ብዙ ነበርን።

ማን ይሣላል የሚለውም የስሜቱ አካል ነው። ለረጅም ጊዜ በእነዚህ መጻሕፍት ጀግናው ነጭ ወንድ ነበር፤ ሴት ካለች ብዙውን ጊዜ ከጥሩሯ ይልቅ ገላዋ ይታያል። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ኤምበር የምትባል ጥቁር ሴት የባዶ እጅ ተዋጊ ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዷ ሆነች። በ2014ቱ የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ ስለ ሰው ልጆች የሚያወራው ክፍል የተከፈተው ጥሩር በለበሰች ጥቁር ሴት ሥዕል ነው። ደንቡ ከመጀመሪያውም ማንም ማንን ሆኖ እንዲጫወት አልከለከለም። ግን ዋሺንግተን ወይም ስቶክሆልም ውስጥ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ ደንቡን አይደለም መጀመሪያ የሚያየው።

በ2023 ስለ ግዙፋን ፍጡራን በወጣ አንድ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መጽሐፍ ላይ ተጫዋቾች የሚጎረብጥ ነገር አዩ፤ መስመሩ የሰው አልመስል አላቸው። አንድ ሠዓሊ የራሱን ንድፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳጠናቀቀው ታወቀ፤ የአሁኑ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስትም ሠዓሊዎቹ ይህን እንዳይጠቀሙ መመሪያውን አሻሻለ። የ1974ቱ ሥዕሎችም በስሕተት የተሞሉ ናቸው፤ ያኔ የሚሳሳተው ግን የሰው እጅ ስለነበር ስሕተቱ ራሱ የሚወደድ ሆነ። ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሞ የሚያየው ሥዕሉን ሰዓታት ተቀምጦ የሚያጠና ተጫዋች ነው።

በ2020 ከስዊድን የመጣውን «ሞርክ ቦርግ» የተባለ ጨዋታ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሌሎቹ ሁሉ በከፊል የሚያሳዩትን እሱ ሙሉ ለሙሉ ስለሚያረጋግጠው ነው። ጽሑፉ የፔሌ ኒልሰን፣ ሥዕሉና የገጽ ንድፉ የዮሃን ኖር ነው። ሽፋኑ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ነው። ውስጡ አንዱ ገጽ ጥቁር፣ ሌላው ሐምራዊ፤ ፊደሉ በየገጹ ይለዋወጣል፣ አንዳንዱ ይጣመማል፣ አንዳንዱ ገጹን ሞልቶ ይጮኻል። ዓለሙ ሊያልቅ ነው፤ በየንጋቱ ዳይስ ይወረወራል፣ ክፉ ቁጥር ከወጣ አንድ መቅሠፍት ይወርዳል፤ ሰባተኛው ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል፣ መጽሐፉም ራሱን እንድታቃጥሉት ያዛል። በዚያው ዓመት የዘርፉ ታዋቂ ሽልማት በሆነው ኤኒስ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ተብሏል።

ደራሲዎቹ ግን ሌላም ነገር አድርገዋል። የዚሁ ጨዋታ ደንብ ሥዕልና ጌጥ ወጥቶለት፣ በተራ ፊደል፣ በነፃ እንዲወርድ አስቀምጠዋል። ደንቡ ያው ነው፤ ያው ዳይስ፣ ያው ሰባት መቅሠፍት፣ ያው በቀላሉ የሚሞት ገጸ ባሕርይ። ይህን ባዶ ጽሑፍ ያነበበ ሰው የሚያገኘው አጭር፣ ቀላል፣ በደንብ የታሰበበት ጨዋታ ነው፤ በአንድ ምሽት ሊማሩት ይቻላል። ቢጫውን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩት ግን ተጫዋቾቹ ድምፃቸው ይቀየራል፤ ገጸ ባሕርያቸውን ቆሻሻ፣ ረኃብተኛና ተስፋ ቢስ አድርገው መናገር የሚጀምሩት ዳይሱ ገና ሳይወረወር ነው። ጨዋታ የሚመራ ወዳጅ ያለው አንባቢ ሁለቱን ቅጂ አግኝቶ አንዱን ቅዳሜ በባዶው፣ ሌላውን በባለ ሥዕሉ እንዲያጫውተው ይጠይቅ፤ የትኛው ለእሱ ጠረጴዛ እንደሚስማማ ከዚያ በኋላ ራሱ ይፍረድ።